«መጽሐፍ ለማቀበል ዲግሪ?» ስለ ላይብረሪያንነት ትምህርት፣ እውነት ወይስ ተረት?

አንድ ወጣት ኮምፒዩተር ሳይንስ ልማር ነው ቢል ዘመድ ይደሰታል። ነርሲንግ ቢል ይመርቀዋል። ላይብረሪያን ለመሆን ማስተርስ ልጀምር ነው ያለ ዕለት ግን ቤቱ ጭጭ ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አዲስ አበባም ሆነ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ነው፦ «መጽሐፍ ለማቀበል ደግሞ ዲግሪ ምን ያደርጋል?»

ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም። አብዛኞቻችን ላይብረሪያን የምናውቀው መታወቂያ ተቀብሎ መጽሐፍ ሲሰጥ፣ ሲመሽ መብራት ሲያጠፋ፣ የሚያወራ ተማሪ ሲገሥጽ ነው። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ምን እንደተደረገለት ያየ ጥቂት ነው። ችግሩ ይህ የጎደለ ዕውቀት ዋጋ ማስከፈሉ ነው። አማርኛና ግዕዝ አጥርተው የሚያነቡ፣ ለሙያው የተፈጠሩ የሚመስሉ ልጆች በሰሙት ተረት ተመልሰው ይቀራሉ። ስለዚህ ተረቶቹን አንድ በአንድ ማየት ይገባል። ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ተረት፦ «ፊደል የቆጠረ ሁሉ ይሠራዋል»

ሁላችንም የምናውቀውን መጽሐፍ እንውሰድ፤ ፍቅር እስከ መቃብርን። መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ እትም አንድ ቅጂ አሜሪካ ውስጥ ላለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ደረሰ እንበል። ካታሎግ የሚያደርገው ባለሙያ መጽሐፉን ገና ሲገልጠው ጥያቄው ይጀምራል።

መጀመሪያ ደራሲው። በምዕራቡ ዓለም የመጽሐፍ ዝርዝር የሚደረደረው በቤተሰብ ስም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ዓለማየሁ የአባታቸው ስም ነው። የእኛን ልማድ የማያውቅ ሠራተኛ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ብሎ ይመዘግባቸዋል። ያን ጊዜ ዝርዝሩን «ሐዲስ» ብሎ የሚያስስ አንባቢ መጽሐፉን ያጣዋል። አባታቸው ዓለማየሁ የሚባሉ፣ ዝምድና የሌላቸው ደራስያን ደግሞ እንደ አንድ ቤተሰብ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ትክክሉ በራሳቸው ስም መመዝገብ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ መኖር አለበት።

ቀጥሎ አጻጻፉ። ሐዲስን በሐመሩ ሐ የሚጽፍ አለ፤ በሀሌታው ሀ የሚጽፍም አለ። ዓለማየሁም አንዴ በዓይኑ፣ አንዴ በአልፋው ይጻፋል። ለእኛ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን አራት የተለያዩ ደራስያን ናቸው። ካታሎገሩ አንዱን አጻጻፍ መርጦ ቋሚ ያደርጋል፤ ሌሎቹን ከእሱ ጋር ያስተሳስራል። አንባቢ በየትኛውም ጽፎ ቢፈልግ ወደ አንዱ ደራሲ ይደርሳል። በሙያው ቋንቋ «ኦቶሪቲ ፋይል» የሚባለው መዝገብ ሥራው ይህ ነው።

ከዚያ ዘመኑ። «1958» ብሎ ቢያልፈው የውጭ ተመራማሪ መጽሐፉን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ 1958 ተብሎ ይጻፍና በቅንፍ 1965 ወይም 1966 ይባላል።

ከዚያ ደግሞ ፊደሉ። የቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተሮች ዓረብኛ፣ ዕብራይስጥ፣ የሩሲያና የቻይና ፊደል መያዝ በጀመሩበት ዘመን የግዕዝ ፊደል በቦታው አልነበረም። የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒዩተር መለያ ወደ ሆነው ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። በዚህ ምክንያት የአማርኛ መጻሕፍት በአሜሪካ ካታሎጎች የተመዘገቡት በላቲን ፊደል ነው። ልወጣውም እንደ መሰለን አይደለም፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ያጸደቁት፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ምልክት የተሰጠበት ሠንጠረዥ አለ። ዛሬ በመዝገቡ መስክ 880 ላይ የግዕዙን ፊደል ራሱን መጨመር ይቻላል። ይጨመር ዘንድ ግን ፊደሉን የሚያነብ ካታሎገር መቀጠር አለበት።

በመጨረሻ መለያ ቁጥሩና ርዕሰ ጉዳዩ ይሰጣል። በዲዊ የመጻሕፍት አከፋፈል የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ሥር፣ የኢትዮጵያ ታሪክ ደግሞ 963 ሥር ይገባል። ባለሙያው የሚወስነው ግን ቁጥሩን ብቻ አይደለም። ስለ ጎጃም ኑሮ፣ ስለ ባላባትና ጭሰኛ ግንኙነት የሚያጠና ሰው ይህን ልብ ወለድ እንዲያገኘው በየትኞቹ የርዕስ ቃላት ይመዝገብ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ መጽሐፉን ማወቅ፣ አንባቢውንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ለአንድ የታተመ መጽሐፍ ነው። ብራና ሲሆን ሥራው ሌላ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎችን ቀርጾ ፊልሞቹን ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አስቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ተቀምጠው እያንዳንዱ ጥራዝ ምን እንደያዘ፣ መቼ እንደተጻፈ፣ በኅዳጉ ላይ ምን ማስታወሻ እንዳለ ሲመዘግቡ ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ያገኙ ሊቅ ነበሩ፤ በ2021 አረፉ። ሊቃውንታችን ዛሬ ድርሳን ለማግኘት የሚገልጧቸው ካታሎጎች በአብዛኛው የእሳቸው እጅ ያለባቸው ናቸው። ካታሎግ የቢሮ ጸሐፊ ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ እነዚያን ጥራዞች አንድ ጊዜ ከፍቶ ይያቸው።

ተረት፦ «አሜሪካ ላይብረሪ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ ላይብረሪያን ነው»

አይደለም። ይህን አለማወቅ ብዙ ሰው ጊዜ አሳጥቶታል። መጽሐፍ የሚመልሱልን፣ ካርድ የሚያወጡልን፣ መደርደሪያ የሚያስተካክሉት ሠራተኞች አብዛኞቹ የላይብረሪ ረዳት ወይም ቴክኒሽያን ናቸው። ሥራቸው ክቡር ነው፤ ሆኖም በመጠሪያም በደመወዝም ከላይብረሪያን ይለያል። በአሜሪካ ላይብረሪያን ለመባል በተለምዶ የሚጠየቀው ማስተርስ ዲግሪ ነው፤ ባችለር አይበቃም። ማስተርሱም በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እውቅና ካገኘ ፕሮግራም ቢሆን ይመረጣል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1876 ሲሆን ዛሬ በአሜሪካ፣ በካናዳና በፖርቶ ሪኮ ከ60 በላይ ፕሮግራሞችን እውቅና ሰጥቷል።

የዲግሪው ስም ሰውን ያደናግራል። አንዱ ዩኒቨርሲቲ «ላይብረሪ ሳይንስ»፣ ሌላው «ላይብረሪና ኢንፎርሜሽን ሳይንስ»፣ ሦስተኛው «ኢንፎርሜሽን» ብቻ ይለዋል። ቀጣሪ የሚያየው እውቅናውን ስለሆነ በስሙ መጨነቅ አያስፈልግም። ትምህርቱ ሙሉ ጊዜ ለሚማር አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ እየሠራ ለሚማር ሦስትም አራትም ሊሆን ይችላል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ላይብረሪያን መሆን የሚፈልግ ሰው ደግሞ የየስቴቱን የመምህርነት ፈቃድ ወይም ተመሳሳይ ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ይህን ሳያጣራ ተመዝግቦ ምረቃው ሲደርስ የሚደነግጥ አለ።

ትምህርቱ የትናንት ፈጠራም አይደለም። የመጀመሪያውን የላይብረሪያኖች ትምህርት ቤት የዲዊን አከፋፈል ያወጣው ሜልቪል ዲዊ በ1887 ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ኮሌጅ ውስጥ ከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ 20 ተማሪዎች 17ቱ ሴቶች ነበሩ፤ የኮሌጁ ባለአደራዎች ሴት መቀበሉን ስለተቃወሙ የመማሪያ ክፍል ነፈጉት፤ ትምህርቱም በዕቃ ማከማቻ ክፍል ተጀመረ። ስለ ዲዊ ሲነገር ሌላውንም መደበቅ አይገባም፤ በሴቶች ላይ በፈጸመው ነውርና በዘረኛነቱ ምክንያት ማኅበሩ በ2019 ስሙን ከሽልማቱ ላይ አንሥቷል። ሙያውን የተሸከሙት በዚያ ማከማቻ ክፍል የተማሩት ሴቶችና የእነሱ ተከታዮች ናቸው።

ተረት፦ «ሥነ ጽሑፍ ያላጠና፣ ቀኑን ሙሉ የማያነብ አይሆንለትም»

የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ የሒሳብም የነርሲንግም የአካውንቲንግም ቢሆን ፕሮግራሞቹ ይቀበሏችኋል። እንዲያውም የሙያ መሠረት ያለው ሰው ይፈለጋል። ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ላይብረሪያን ለሐኪም የምርምር ጽሑፍ ሲያስስ የሕክምና ቃላት የሚያውቅ ቢሆን ይቀለዋል። በሕግ ትምህርት ቤቶችም የሕግ ዲግሪና የላይብረሪ ማስተርስ ደርበው የያዙ ብዙ አሉ።

ሙያውን ከመሠረቱት አንዱ ሕንዳዊው ራንጋናታን ሒሳብ መምህር ነበር። በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪያን ሆኖ ሲሾም ብቸኝነቱና ሥራ መፍታቱ አስመርሮት ወደ ማስተማሩ መልሱኝ ብሎ ለመነ። አለቆቹም መጀመሪያ ለንደን ሄደህ ተማር፣ ስትመለስ ካልወደድከው ቦታህን እንመልስልሃለን አሉት። እዚያ ተምሮ፣ የእንግሊዝን ቤተ መጻሕፍት እየዞረ አይቶ ሲመለስ ሥራውን የሚለቅ ሰው አልነበረም። በ1931 ያሳተማቸው አምስቱ የቤተ መጻሕፍት ሕጎች እስከ ዛሬ በየትምህርት ክፍሉ ይሰጣሉ፤ አንዱ የአንባቢን ጊዜ ስለመቆጠብ ነው። ሥራው የሰለቸው ሳይማረው በፊት እንደነበር ልብ በሉ።

ማንበብ የሚወድ ሰው ለሙያው ጥሩ ነው። ሥራ ላይ ተቀምጦ ልብ ወለድ የሚያነብ ላይብረሪያን ግን የለም። ቀኑ የሚያልፈው በሰው ጥያቄ፣ በበጀት፣ በግዢ፣ በስብሰባ፣ በሥልጠና ነው። ሰው የማይወድ፣ መጽሐፍ ብቻ የሚወድ ሰው ካታሎግ ክፍል ወይም መዛግብት ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል።

ተረት፦ «ጎግል እያለ፣ አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቶ…»

የሚነገረው ላይብረሪያኖች ኮምፒዩተር ሲመጣባቸው ደነገጡ ተብሎ ነው። ታሪኩ ተቃራኒውን ይናገራል። የኮምፒዩተር ፕሮግራመር የነበረችው ሄንሪየት አቭራም በ1960ዎቹ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገብታ «ማርክ» የሚባለውን የመዝገብ አጻጻፍ ሥርዓት መርታ አበጀች፤ ከላይ የጠቀስነው መስክ 880 የዚያው ሥርዓት ክፍል ነው። አንዱ ቤተ መጻሕፍት የመዘገበውን ሌላው በኮምፒዩተር እንዲወስድ ያስቻለው እሱ ነው። ጎግል ኩባንያ ሆኖ የተመሠረተው በ1998 ነው፤ ላይብረሪያኖች በዚያን ጊዜ መረጃ በኮምፒዩተር ሲለዋወጡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

ዛሬም የላይብረሪ ተማሪ ስለ ዳታቤዝ፣ ስለ ዲጂታል ማከማቻ፣ ስለ መረጃ ጥበቃና ስለ ቅጂ መብት ይማራል። ከኒውዚላንድ የወጣው «ኮሃ» እና በኤምአይቲና በኤችፒ የተሠራው «ዲስፔስ» በነፃ የሚገኙ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌሮች ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን በኢንተርኔት የሚያኖረው በዲስፔስ ነው። ጅማ ወይም ቦስተን የተቀመጠ ተማሪ አንድን የአዲስ አበባ የማስተርስ ጥናት ስልኩ ላይ ከፍቶ ሲያነብ የሆነ ላይብረሪያን ጭኖለት፣ መዝግቦለት ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ለላይብረሪያን አዲስ ሥራ አምጥቷል። እነዚህ ፕሮግራሞች በዓለም ላይ የሌለ መጽሐፍና የሌለ ጽሑፍ፣ ደራሲና ዓመት ሰጥተው ይጠቅሳሉ። ተማሪው ያን ይዞ ላይብረሪ ይመጣል። ጽሑፉ እንደሌለ አጣርቶ፣ ተማሪው በእውነት የሚፈልገውን አውቆ፣ ያለውን የሚያመጣለት ሰው ያስፈልጋል።

ይህ የመጨረሻው፣ ሰው የሚፈልገውን ማወቅ፣ ራሱን ችሎ የሚጠና ትምህርት ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ባለ የሕዝብ ላይብረሪ አንዲት እናት መጥተው «የአሜሪካ ታሪክ መጽሐፍ አላችሁ?» ብለው ጠየቁ እንበል። ያልሠለጠነ ሰው ወደ ታሪክ መደርደሪያ ይጠቁማቸዋል፤ እሳቸውም ስምንት መቶ ገጽ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አይተው አመስግነው ይሄዳሉ። የሠለጠነው ግን ቀስ ብሎ ይጠይቃል፦ ለልጅ ነው ወይስ ለራስዎ? ለምን ጉዳይ ፈለጉት? በሁለት በሦስት ጥያቄ የዜግነት ፈተና እንደተቀጠሩ ይታወቃል። ያን ጊዜ የሚሰጣቸው የፈተናው ጥያቄና መልስ፣ የሚለማመዱበት የድምፅ ቅጂ፣ ምናልባትም እዚያው ላይብረሪ ቅዳሜ የሚሰጥ ነፃ የዜግነት ክፍል ነው። ላይብረሪያኑ አማርኛ የሚናገር ከሆነ ደግሞ እኚያ እናት የሚፈልጉትን ሳያፍሩ ይናገራሉ። የዲሲ ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ ትርጉም ከሚቀርብባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። አገልግሎቱን በቋንቋው የሚሰጥ የተማረ ሰው ግን ሕግ ስለወጣ ብቻ አይገኝም።

ተረት፦ «በኦንላይን የተገኘ የላይብረሪ ዲግሪ ዋጋ የለውም»

እውቅና ያለው ከሆነ ዋጋ አለው። ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ2009 ጀምሮ ማስተርሱን ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ብቻ ይሰጣል፤ ከትልልቆቹ ፕሮግራሞችም አንዱ ነው። ዲፕሎማው ላይ «ኦንላይን» የሚል ማኅተም አይመታም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እውቅና የሌላቸው፣ በማስታወቂያ ብቻ የሚኖሩ ተቋማት ላይ ነው፤ ከመመዝገብ በፊት የማኅበሩን ዝርዝር ማየት ብዙ ደቂቃ አይፈጅም።

ተረት፦ «የኢትዮጵያ ዲግሪ አሜሪካ ውስጥ ወረቀት ነው»

ይህ የተጋነነ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ ወይም ከጎንደር ቢሆን፣ በምዘና ድርጅት ተገምግሞ እንደ ባችለር ከተቆጠረ የማስተርስ በር ይከፍታል። እንደገና ከአንደኛ ዓመት መጀመር አያስፈልግም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ሀ ብሎ ይጀምራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ማስተርስ ጉዳይ ግን ይለያል። የአሜሪካ ማኅበር በሌላ አገር አግባብ ባለው አካል እውቅና የተሰጠውን የላይብረሪ ማስተርስ በመርሕ ይቀበላል፤ መጨረሻ ላይ የሚወስነው ግን ቀጣሪው ነው። አንዳንዱ ይቀበላል፤ አንዳንዱ በአሜሪካ የተገኘውን ብቻ ይጠይቃል። እንግዲህ አንድ ሰው ሥራ ሲፈልግ ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ማንበብና የሰው ኃይል ክፍሉን በግልጽ መጠየቅ አለበት። በራሱ ግምት አይሆንም ብሎ መቅረት የለበትም።

ተረት፦ «ቤተ መጻሕፍት የተገፋ ሰው መመደቢያ ነው»

ወደ አገራችን እንምጣ፤ የሚያመው እዚህ ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚነገረውን ሰምተናል። ከአለቃው የተጣላ፣ ማስተማር ያቃተው፣ ጡረታ የቀረበው ሰው «ላይብረሪ ተመደበ» ይባላል። እንደ ቅጣት ይነገራል፤ ተመዳቢውም እንደ ቅጣት ይቀበለዋል። ይህ ሙሉ በሙሉ ተረት አይደለም፤ በብዙ ቦታ ይደረጋል። ተረት የሚሆነው «ስለዚህ ሙያው ራሱ ይህ ነው» ሲባል ነው። ሥራውን ለማይወድ፣ ላልተማረለት ሰው ሰጥተን መጻሕፍቱ አቧራ ሲጠጡ፣ «ቤተ መጻሕፍት ለምን ያስፈልጋል» ብለን እንጠይቃለን።

ታሪካችን የሚያሳየው ሌላ ነው። ሕዝቡ ወመዘክር የሚለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ጦርነት ባለፈ በጥቂት ዓመት ውስጥ አገር ሊሠራቸው ከቸኮለባቸው ነገሮች አንዱ ነበር ማለት ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 ሲቋቋም ቤተ መጻሕፍቱን የያዙት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ፣ ሌላው የሚጥለውን ትንሽ ጥራዝ፣ የዕለት ወረቀትና በራሪ ጽሑፍ ሳይቀር ሰብስበዋል። ዛሬ ስለ ዘመኑ የሚጽፍ ማንኛውም ተመራማሪ ስድስት ኪሎ ሄዶ ያን ስብስብ ያገላብጣል። ሥራውን ያከበረ አንድ ሰው አገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

ትምህርቱም በአገር ውስጥ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1990 በካናዳው የልማት ምርምር ማዕከልና በዩኔስኮ ድጋፍ የአፍሪካ ኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤትን ሲከፍት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪ ይመጣበት ነበር። ዛሬ እንደ ጅማ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ያስተምራሉ። ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ወደ ኮምፒዩተር ሲስተምና ኔትወርክ ያዘነበሉ ናቸው። የኮርሱን ዝርዝር አስቀድሞ ጠይቆ ካታሎግ፣ የመዛግብት አያያዝ፣ የአንባቢ አገልግሎት መኖራቸውን ማየት ይገባዋል።

አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲታይ ደስ ይላል፤ ወጣቱ ተሰልፎ ሲገባ ማየት ያኮራል። ሕንፃ ግን ለራሱ ካታሎግ አይሠራም። በየክፍለ ከተማው፣ በየዞኑ፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሠለጠነ ሰው እስካልተመደበ ድረስ መጽሐፍ መለገስ ብቻውን ብዙ አይራመድም። ከውጭ በኮንቴይነር የመጣ፣ ማንም ያልመዘገበው፣ በካርቶኑ እንዳለ የተቆለለ መጽሐፍ ያየ ሰው ይህን አይክድም።

ተረት፦ «ጸጥ ያለ፣ ቀላል ሥራ ነው»

በ2015 ባልቲሞር ከተማ በሁከት ስትናጥ፣ ሱቆች ሲዘጉ፣ በመሐሉ የነበረው የፔንሲልቬንያ አቨኑ ቅርንጫፍ ላይብረሪ በሩን አልዘጋም። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ካርላ ሄይደን ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ኃላፊ ሆኑ። የሕዝብ ላይብረሪያን ቤት የሌለውን፣ የታመመውን፣ ሥራ ያጣውን ሰው በየቀኑ ያስተናግዳል። ይህን ትምህርት ቤት ገብቶ ያልሰማ ሰው ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ይደነግጣል።

ተረት፦ «ደመወዙ አያኖርም»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳወጣው በ2023 የላይብረሪያኖች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 64 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ያኖራል፤ ግን ማስተርስ ለሚጠይቅ ሥራ ትልቅ አይደለም፤ ጀማሪ ደግሞ ከዚህ በታች ያገኛል። በትልልቅ ከተሞች ለአንድ ቦታ ብዙ ሰው ይወዳደራል፤ የመጀመሪያው ሥራ የትርፍ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚደብቅባችሁ መካሪ አይጠቅማችሁም።

ስለዚህ እዳ ተሸክሞ በውድ ዩኒቨርሲቲ መማር ለዚህ ሙያ አይመከርም። የስቴት ዩኒቨርሲቲ ይበቃል፤ ቀጣሪ የሚጠይቀው እውቅናውንና ልምዱን ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ ይቀንሳሉ ወይም ይሸፍናሉ፤ በላይብረሪ ረዳትነት ገብተው በዚያው ማስተርሳቸውን የጨረሱ ብዙ ናቸው። ማኅበሩ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚሰጠው ስፔክትረም የሚባል የ5 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕም አለ፤ ጥቁሮችን ጨምሮ በሙያው ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ማኅበረሰቦች የተዘጋጀ ስለሆነ ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ያላቸው ልጆቻችን ሊያመለክቱበት ይችላሉ።

ደመወዙን ብቻ አይቶ ለሚፈርድ ሰው አንድ ስም ልጥራ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከኢትዮጵያ ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ ተምረው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ላይብረሪ የልጆች ላይብረሪያን ሆኑ። ለልጆች የሚሆኑ የብዙ አገር መጻሕፍት በሚያልፉበት ጠረጴዛ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ አጡ። የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በ2002 ሥራቸውን ትተው 15 ሺህ ያህል የተለገሱ መጻሕፍት ይዘው ተመለሱ፤ በዓመቱ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። መጽሐፍ ከመለገስ በላይ ምን እንደሚያስፈልግ ያወቁት ሙያውን ተምረው ስለሠሩበት ነው።

ይህን ሙያ የሚያስብ ሰው ከመመዝገቡ በፊት በአቅራቢያው ባለ ቤተ መጻሕፍት ጥቂት ወራት በበጎ ፈቃድ ወይም በረዳትነት ይሥራ፤ ትምህርት ቤቱ እውቅና እንዳለው ያጣራ፤ ከሚሠሩት አንዱን ላይብረሪያን ቀርቦ ይጠይቅ። በተለይ የአብነት ትምህርት ያላችሁ፣ ግዕዝ የምታነቡ፣ ወይም ውጭ ተወልዳችሁ አማርኛን ከወላጆቻችሁ የያዛችሁ ወጣቶች፣ እናንተ ያላችሁን ለማግኘት ካታሎግ ክፍሎች ብዙ ይፈልጋሉ። ወላጆችም ልጃችሁ ይህን ዲግሪ ልማር ሲላችሁ አትዘኑ፤ የት እንደሚማረው አብራችሁ ፈልጉለት።